ሳይለስ የማይመጡባቸው ቀናት

ዶሪን ሙስዋጎን ሾርባ የምትሸጠው መሀል ዊኒፔግ፣ ሰዉ ሁሉ በአጭሩ «ፕላዛው» በሚለው አሮጌ ሞል፣ ምድር ቤት ባለው የምግብ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ገና ልጃገረድ ሳለች ከሰሜን፣ ከመንደሯ ከክሬን ፖይንት ሌሊቱን በአውቶብስ ተጉዛ መጥታ የመጀመሪያ ካፖርቷን የገዛችው እዚሁ ነው። ያኔ መሀሉ ላይ ፏፏቴ ነበር፤ ፎቅ ላይ ሲኒማ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ትሪ ተሸክሞ መቀመጫ የሚፈልገው ሰው ይጋፋ ነበር። አሁን ፏፏቴው ተደፍኖ የፕላስቲክ አበባ ተተክሎበታል። ተንቀሳቃሹ ደረጃ መንቀሳቀስ ከተወ ቆየ፤ ሰው እያለከለከ በእግሩ ይወጣዋል። የመስታወት ጣሪያው በረዶ በቀለጠ ቁጥር ስለሚያፈስ ከሥሩ ባልዲ ተደርድሯል። ከምግብ ቤቶቹ የተረፉት የዶሪን ሾርባ ቤትና ከጎኗ ያለው የፊሊፒንሷ የሪዛሊና ኑድል ቤት ብቻ ናቸው። የሌሎቹ የብረት መዝጊያ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል፤ ከበላያቸው የተሰቀለው የምግብ ሥዕል ግን የሚያወርደው ጠፍቶ ገርጥቶ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ፕላዛው ባዶ ሆኖ አያውቅም። የደጁ ብርድ የዓይን ሽፋሽፍት የሚያጣብቅ ስለሆነ አውቶብስ የሚጠብቀው ሁሉ እዚያ ይገባል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሰሜን ሰዎች ቤት ነበር። በመንደራቸው የኩላሊት እጥበት ስለሌለ ቤታቸውን፣ ጀልባቸውንና ውሻቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው ከተማ የቀሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ፣ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ፣ ሁሉም ዕቃቸውን ማደሪያቸው ጥለው ቀጥ ብለው ወደ ምግብ አዳራሹ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል እንግዳው። አባቱን ይጠራል፤ አያቱን ይጠራል፤ ወዲያው ወንበር ይሳብለታል። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ወለደች፣ ሐይቁ መቼ በረዶ እንደ ሠራ የሚሰማው እዚያ ነው።

የዚህ ማኅበር አድባር ሳይለስ ማካይ ነበሩ። እሳቸውም የክሬን ፖይንት ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መረብ የጣሉ ዓሣ አጥማጅ፤ ኩላሊታቸው ሲከዳቸው ሳይወዱ በግድ የከተማ ሰው ሆኑ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት አላቸው። በቀሩት ቀናት ፕላዛው ከተከፈተ ጀምሮ በሩን ትይዩ ካለችው ጠረጴዛ አይጠፉም። ከዶሪን ሻይ በጣሳ ወተት ይቀበላሉ፤ ባኖክ የሚሉትን አንድ የተጠበሰ ቂጣ ለሁለት ይከፍላሉ፤ ግማሹን በልተው ግማሹን በመሐረብ ይጠቀልላሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በሩ ላይ ይተክላሉ።

የሚጠብቁት ልጃቸውን ነው፤ ግሌንዳን። ከቤት ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። የስልክ ቁጥር የላቸውም፤ አድራሻ የላቸውም። ያላቸው አንድ እምነት ነው። «በዚህች ከተማ ያለ የእኛ ሰው አንድ ቀን በዚህ በር ማለፉ አይቀርም» ይላሉ። ማታ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ ዶሪን፣ እኔ ባልነበርኩበት ቀን አላለፈችም?» ብለው ይጠይቃሉ።

«አላየሁም፣ ጋሼ» ትላለች ዶሪን። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ድስቱ ታዞራለች። ግሌንዳ ታልፍ ነበራ።

መጀመሪያ የመጣችው ካቻምና፣ አንድ ሰኞ ቀን ነው። የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጋዋን ከካፖርቷ ሥር የለበሰች፣ አርባውን ያለፈች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። ሾርባ አዘዘች። ዶሪን እየቀዳች አየት አደረገቻት፤ አገጩ የሳይለስ ነው፤ ሰው ሲያናግራት በግማሽ ዓይን ማየቷ የሳይለስ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት በአገራቸው ቋንቋ።

ሴትዮዋ የጎረሰችው እንዳነቃት ሁሉ ቀጥ አለች። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ሽማግሌ የሚመጣው በየትኛው ቀን ነው?» አለች።

«ዛሬ እጥበት ላይ ናቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አይመጡም።»

«እንግዲያው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እመጣለሁ» አለች። «አንቺ ግን አላየሽኝም። እትዬ፣ ነግሬሻለሁ፤ ብትነግሪው ሁለተኛ ዓይኔን አታዪውም።»

ዶሪን ቃሏን ሰጠች። ቃል ሲሰጥ ቀላል ነው፤ ሸክሙ የሚመጣው በኋላ ነው። ግሌንዳ እንዳለችው መጣች፤ ሾርባዋን በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠጣች። አዎ፣ እዚያችው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ። ቀስ በቀስ ወሬ ጀመረች። መጠጥ ከተወች ብዙ ዓመቷ ነው። ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንድ ዓርብ ቀን ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የተጣላችበትን ነገር አወጣችው። በሃያ ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ያኔ ትጠጣ ነበር። አባቷ ለሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች ደወሉ፤ መኪና መጣ፤ ልጁን ወደ ደቡብ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።

«ከተማ የመጣሁት ልጄን ፍለጋ ነው» አለች። «እሱ እኔን ይጠብቃል፤ እኔ ልጄን እፈልጋለሁ። ቤተሰባችን እንዲህ ነው፤ ሁሉም ወደ ፊቱ ነው የሚያየው፣ ማንም ዞር አይልም።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ነገሩ ለዶሪን ላም እሳት ወለደች ሆነባት። እንዳትናገር ቃሏ፤ እንዳትተወው ደግሞ የሽማግሌው ዓይን።

ኅዳር ላይ ፕላዛው ተሸጠ የሚል ወሬ መጣ። ወሬውን ያመጣው ጉርናም የሚሉት የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ጥምጣሙን እያስተካከለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ ዶሪን፣ በጥር መጨረሻ የምግብ አዳራሹ ይዘጋል፤ ሕንፃው ሊፈርስ ነው» አላት። ከዚያ በፊት ግን ወንበሮቹ መነሳት ጀመሩ። አዲሶቹ ባለቤቶች ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልፈለጉም። ሠራተኞች በጠዋት መጥተው ወንበር በወንበር ላይ ደርድረው በጋሪ ይገፋሉ። አንዲት አሮጊት ከተቀመጠችበት ተነሺ ስትባል፣ «ምነው፣ ወንበሩ ደክሞታል?» ብላ ሁሉን አሳቀች፤ ተነሳች ግን።

ታኅሣሥ ሲገባ በሽተኞቹ ቆመው መዋል ስላልቻሉ አንድ በአንድ ቀሩ። ሳይለስ ግን አልቀሩም። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልታሰር እያለ፣ ዓምድ ተደግፈው በሩን ያያሉ። ዶሪን አላስችላት ብሎ ከጓዳዋ የራሷን ወንበር አውጥታ ከባንኮኒው አጠገብ አኖረችላቸው።

«ሥራ ላይ ነኝ በሉ» አለቻቸው። «ማንም ቢጠይቅ የሾርባ ቀማሽ ነኝ በሉ።»

«ደመወዝ አለው?»

«ጨው ሲበዛ መራገም ይፈቀዳል።»

ሳቁ። ማታ ሲሄዱ ግን ያንኑ ጠየቁ። «አላለፈችም?»

ያን ቀን ዶሪን ለሪዛሊና ሆዷን ዘረገፈች። ሪዛሊና አምስት ልጆቿን በዚያ ኑድል ያሳደገች፣ ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣ ሴት ናት። ምጣዷን እየፈገፈገች ሰማቻትና፣ «እንዳትነኪው» አለች።

«ጥር ሲያልቅ የት ይገናኛሉ ታዲያ? እሷ ሌላ ቦታ ሾርባ ትጠጣለች፤ እሳቸው ማደሪያቸው ተኝተው ግድግዳ ያያሉ። አበቃ።»

«አንቺ ሴት፣ ጆሮሽ አይሰማም እንዴ? አለመገናኘት ነው እኮ የፈለገችው!»

«እንደዚያ ከሆነ ለምን ወንበራቸው ላይ ትቀመጥ ነበር?»

ሪዛሊና መፈግፈጓን አቁማ አሰበች። «እሱን እንኳ አላውቅም» አለች። «ብቻ የሰው ቁስል ነው። ያላሰርሽውን አትፍቺ።»

ዶሪን አልሰማችም። ጥር ገብቶ፣ ከአዳራሹ ግማሽ ያህሉ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ ሽማግሌው ካፖርታቸውን እየለበሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገና፣ «ጋሼ፣ ነገ በምሳ ሰዓት ይምጡ» አለቻቸው።

ሳይለስ እጃቸው እጅጌያቸው ውስጥ እንደ ገባ ቀረ። «ነገ እጥበት ነው» አሉ። ከዚያ ፊቷን አዩት፤ ገባቸው። ለምን ደበቅሽኝ አላሉም፤ ከመቼ ጀምሮ አላሉም። «አንድ ቀን ቢቀር አልሞትም» ብቻ አሉ። ዶሪን እጥበት አይዘለልም ማለት ነበረባት። አላለችም።

በማግስቱ ገና ምሳ ሳይደርስ መጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ከላዩ ሟች ሚስታቸው በጨሌ የጠለፈችውን የቆዳ ሰደሪያ ደርበዋል፤ ሽበታቸውን በውኃ አስተኝተውታል። ዶሪን ከጓዳ ያወጣችላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሻይ ቀዳችላቸው፤ አልነኩትም።

ግሌንዳ በተለመደው ሰዓት በበሩ ገብታ በቆመው ደረጃ ወረደች። ራሷን ጎንበስ አድርጋ ጓንቷን እያወለቀች ስለነበር ባንኮኒው ጋ እስክትደርስ አላየቻቸውም። «እትዬ፣ ዛሬ በረንዳው ላይ ያለው ንፋስ—» ብላ ጀመረች።

«ግሌንዳ» አሉ ሳይለስ።

ዞረች። ዶሪን በዚያች ቅጽበት ፊቷ ላይ ያየችውን በኋላ ብዙ ጊዜ ልታስታውሰው ሞክራ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። ሰው በልጅነቱ የሚያውቀውን ቤት ሲያይ የሚመጣ ነገር ነበር። ለአፍታ ያህል ዶሪን ደግ ሠራሁ ብላ አሰበች።

«ከስተሻል» አሉ ሽማግሌው። «ተቀመጪ፣ ልጄ፤ ነይ ተቀመጪ።» ወንበሩን ሊለቁላት ባንኮኒውን ይዘው ተነሱ፤ ተንገዳገዱ። ዶሪን ከውስጥ ሆና ክንዳቸውን ያዘች። ግሌንዳ እጇን አልዘረጋችም፤ ወደ ኋላም አላለችም። ሁለቱም ቆመው ወንበሩ በመካከላቸው ባዶውን ቀረ።

ሃያ ዓመት ሙሉ የተዘጋጁበት ንግግር ነበራቸው መሰል። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው። «ልጁን አገኘሽው?» አሉ።

ሪዛሊና ከወዲያ ማዶ ምጣዷን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«አገኘሁት» አለች ግሌንዳ። ድምጿ ጸጥ ያለ ነበር። «ባለፈው ዓመት። እዚያ ጋ፣ ያ ጠረጴዛ የነበረበት ቦታ ተቀመጥን። ቁመቱ ረጅም ነው። ጆሮው ያንተ ጆሮ ነው። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እርስዎ› አለኝ። ‹ሻይ ልግዛልዎ?› አለኝ። የወለድኩት ልጅ፣ ባንክ ቤት እንደሚያገኛት ሴትዮ አንቱ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም።»

«ለጥቂት ወር ነው ያሉኝ» አሉ ሳይለስ። «እስክትድኚ ነው ያሉኝ። አንቺ ራስሽን አታውቂም ነበር፤ ሕፃኑ በዚያ ብርድ፣ ያለ እሳት—»

«አውቃለሁ። ሰክሬ ነበር፤ ምድጃዬ ጠፍቶ ነበር። ስለዚያ አንድም ቀን ረግሜህ አላውቅም።» ትንፋሿን ሳበች። «አንተ ግን ቤት ነበረህ። ምድጃህ ይነድ ነበር። ከእኔ ቤት እስከ አንተ ቤት ሕፃን አቅፎ የሚያደክም መንገድ አልነበረም። ለምንድን ነው አንተ ያልወሰድከው?»

ሳይለስ ባንኮኒውን እንደ ያዙ ቆሙ። ዶሪን በልቧ፣ አንድ ነገር በሉ ጋሼ፣ እናትሽ ሞታ ነበር በሉ፣ ብቻዬን ነበርኩ በሉ፣ መረቡ ላይ ነበርኩ በሉ እያለች ትማጸናለች። ሽማግሌው ግን መዋሸት የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«አላሰብኩትም» አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፤ ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ።»

ግሌንዳ ራሷን ነቀነቀች፤ የጠበቀችውን መልስ እንዳገኘች ሁሉ። ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያስገባች። ከዚያ ወደ ዶሪን ዞረች። «እትዬ፣ እኔ እኮ አንቺን ሰው ብዬ ነበር» አለች። በቆመው ደረጃ ወጣች፤ አልሮጠችም፤ ዞር ብላም አላየች።

ሳይለስ ተቀመጡ። የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ ጭላጩ ጠጡ። ዶሪን ለእጥበቱ ዛሬም አልረፈደም፣ ታክሲ ልጥራልዎ ብላ ለመነቻቸው፤ ታክሲ ጠራች፤ ወደ ማደሪያቸው ሂድ ብለው ሾፌሩን አዘዙት።

ዓርብም አልሄዱም። ቅዳሜ ዶሪን ሾርባ በጠርሙስ ይዛ በሽተኞቹ የሚያድሩበት ቤት ሄደች። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ያበጠ እግራቸውን በሌላ ወንበር ላይ ሰቅለው አገኘቻቸው። ነርሷ መጥታ ለምና ተመልሳለች፤ ሐኪሙ ደውሏል።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች ዶሪን። «አፌን መዝጋት ነበረብኝ።»

«አንቺማ ምን አደረግሽ?» አሉ፤ ግን እንደሚያጽናና ሰው አልነበረም፤ ሌላ ሐሳብ ላይ ነበሩ። «ያን ሁሉ ዓመት የምትለኝን ሳስብ ኖርኩ። ለምን ደወልክ ትለኛለች ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ መልስ ነበር። እሷ ግን ሌላውን ጠየቀችኝ።» መስኮቱን ተመለከቱ። «ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት። ከዚህ ወዲያ የምሰጣት የለኝም። ታዲያ ያ መርፌ ለማን ብሎ ይወጋኛል?»

«ለራስዎ!»

«እኔማ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። እዚህ ምን አለኝ?»

ወደ ክሬን ፖይንት የምትበረው ትንሿ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈሩ ዶሪን አልሸኘቻቸውም፤ ሾርባ ቤቷን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። እጥበት የተወ ሰው ብዙ አይሰነብትም። ጥር ሳያልቅ ማረፋቸውን ሰማች። የነገራት ጉርናም ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚያች ቀልደኛ አሮጊት ሰምቶ።

በቀሩት ቀናት ዶሪን ግሌንዳን ፈለገች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በሩን እያየች ዋለች። በአካባቢው ያሉትን የቢሮ ሕንፃዎች እየዞረች በር ላይ ያሉትን ሰዎች፣ ሰማያዊ ጋዋን የምትለብስ፣ እንዲህ ያለች ሴት እያለች ጠየቀች። አንዱ፣ «እናትዬ፣ እዚህ የሚያጸዱት ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚለብሱት» አላት። የአባትን ሞት ከባዳ አፍ ከመስማት ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብላ ነበር። ያገኛት የለም።

የምግብ አዳራሹ በተባለው ቀን ተዘጋ። ሪዛሊና ምጣዶቿን በሁለት ልጆቿ መኪና አስጭና፣ ዶሪንን አቅፋ፣ ነግሬሽ ነበር ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው። በዚህ ዶሪን እስከ ዛሬ ታመሰግናታለች። ሰሜኖቹ ወዴት እንደ ተበተኑ እንጃ፤ አንዳንዶቹ የሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ይቀመጣሉ ይባላል፤ ብዙዎቹ ግን ከማደሪያቸው አይወጡም። ዶሪን አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች።

ግሌንዳን ያገኘቻት መጋቢት ላይ፣ ከሥራ ስትመለስ አውቶብስ ውስጥ ነው። አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከግሌንዳ አጠገብ ያለው መቀመጫ ብቻ ባዶ ነበር። ዶሪን ተቀመጠች።

«ግሌንዳ፣ አባትሽ—»

«ሰምቻለሁ።»

መስኮቱ በትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል። ውጭው አይታይም።

«ጥር ላይ መሬቱ ድንጋይ ነው» አለች ግሌንዳ፣ ፊቷን ሳታዞር። «እንዴት ቀበሩት?»

«እሳት አንድደው። አፈሩን ለማላላት ሁለት ቀን እንጨት ሲያነዱ ሰነበቱ አሉ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር።»

«አንቺስ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

ግሌንዳ ራሷን ነቀነቀች። ዶሪን ይቅር በይኝ ልትላት ቃሉን ምላሷ ላይ አመጣችው፤ ሴትዮዋ ግን ሾፌሩ እንዲያቆምላት የመውረጃውን ገመድ ሳበች። አውቶብሱ ገና ድልድዩ ሥር ነበር፤ በዚያ አካባቢ ቤት የለም፣ ቢሮም የለም፤ የባቡር ሐዲድና በረዶ ብቻ። ዶሪን ጉልበቷን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችላት። ግሌንዳ ወረደች፤ ዶሪን የመስኮቱን ጭጋግ በእጅጌዋ ጠርጋ፣ አንገትጌዋን ቀና አድርጋ በሐዲዱ አጥር ሥር መራመድ ስትጀምር አየቻት። አውቶብሱም ሄደ።